የተማሪ አስተያየት አሰባሰብ፣ አጠባበቅና አወጋገድ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ፣ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ የምትሰለፉ፣ በግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ እንማራለን የምትሉ ሁሉ፦

መግቢያ

በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ የወጡ ተማሪዎች የሰጡት አስተያየት ያስከተለው ጣጣ እስከ ዛሬ ያልተረሳ በመሆኑ፤

ደርግ ሂስና ግለ ሂስ፣ ኢሕአዴግ ደግሞ ግምገማ እያሉ ያወረሱን አስተያየት ሰጪን የመለየት ልምድ እንዳይጠፋ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ ተከፍቶ የማያውቅ በመሆኑና ተማሪ ግን እንደ ሳጥኑ ዝም የማይል በመሆኑ፤

የመምህር መገምገሚያ ቅጽ ያልሞላ ተማሪ ግሬዱን እንዳያይ በመደረጉና አስተያየት በግዴታ ሲሆን ቶሎ የሚሰበሰብ መሆኑ በመረጋገጡ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የተማሪ አስተያየት አሰባሰብ፣ አጠባበቅና አወጋገድ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) "መምህር" ማለት ስላይድ የሚያነብ ሰው ነው፤

ለ) "ጎበዝ መምህር" ማለት ስላይዱን በቴሌግራም የሚልክ ሰው ነው፤

ሐ) "ላብ" ማለት በሩ ላይ "ላብ" ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነው፤

መ) "አስተያየት" ማለት ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች 4 ወይም 5 ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው በተጠቃለሉት፣ ከላይ በተጠሩት ከተሞች በሚኖር ተማሪ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ጠዋት ሰበታ፣ ከሰዓት ለገጣፎ በፓርት ታይም በሚያስተምር መምህር ላይ ግን ተፈጻሚ አይሆንም፤ አዋጁ ሲታወጅ መንገድ ላይ ነበር።

አንቀጽ 4፦ የነጥብ ድርሻ

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደተለመደው ከመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ 50 በመቶውን ተማሪ፣ 35 በመቶውን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ 15 በመቶውን የሥራ ባልደረባ ይሰጣል። ተማሪው ግማሹ ድርሻ የእሱ እንደሆነ ይነገረዋል። ልቡ ግን እንዳያብጥ ጥንቃቄ ይደረጋል።

አንቀጽ 5፦ የአስተያየት ሰጪው ማንነት በምስጢር ስለመጠበቁ

1. ተማሪው ቅጹ ላይ ስሙን አይጽፍም። ማንነቱ በጥብቅ ምስጢር ይጠበቃል።

2. የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፦

ሀ) ተማሪው የመታወቂያ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ቁጥር ስም አይደለም፤

ለ) ለስታቲስቲክስ ሲባል ጾታውንና የመኖሪያ አካባቢውን ይሞላል፤ ከክፍሉ ውስጥ ከለገጣፎ የሚመጣው አንድ ተማሪ ብቻ ከሆነ ይህ የጂኦግራፊ ጉዳይ እንጂ የምስጢር ጉዳይ አይደለም፤

ሐ) ቅጹ ሲሞላ መምህሩ ከክፍል ይወጣል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ መቆም እንደ መውጣት ይቆጠራል፤

መ) ቅጹን የክፍል ተጠሪው ይሰበስባል፤ ተጠሪውን መምህሩ ይመርጠዋል፤

ሠ) ቅጹ በተማሪው በራሱ የእጅ ጽሕፈት ይሞላል።

3. የእጅ ጽሕፈትን በሚመለከት፦

ሀ) በኮምፒውተር ሳይንስ ፈተና ኮድ የሚጻፈው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ስለሆነ፣ መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ እጅ ጠንቅቆ ያውቃል፤

ለ) አስተያየቱን ከሚድ ፈተናው ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ክትትል አይባልም፤ ጥናትና ምርምር ነው፤

ሐ) እንዳይታወቅበት በግራ እጁ የጻፈ ተማሪ የሚደብቀው ነገር እንዳለው ይገመታል፤

መ) በግራ እጁ የሚጽፍ ሆኖ በቀኝ እጁ የጻፈም እንዲሁ።

4. ሴሚኮለንን በሚመለከት፦

ሀ) ፈተና ላይ ከኮዱ መስመር መጨረሻ ሴሚኮለን የረሳ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ኮምፓይለሩ ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ጠቁሞት አርሞ ባለፈ ነበር፤ ወረቀት ግን አይጠቁምም፤

ለ) አንድ ጊዜ የተቀነሰበት ተማሪ ከዚያ ወዲህ የጻፈውን ሁሉ፣ ለእህቱ የሚልከውን መልእክት ሳይቀር፣ በሴሚኮለን መዝጋት ይለምዳል፤

ሐ) አስተያየቱን በአራት ነጥብ ፈንታ በሴሚኮለን የዘጋ ተማሪ ማንነቱን በገዛ ፈቃዱ እንደገለጸ ይቆጠራል፤

መ) መምህሩ እንዲህ ያለውን ቅጽ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዞ ይገባል። "በዚህ ሴሚስተር አንድም ቀን ላብ አልገባንም" የምትለዋን መስመር ጮክ ብሎ ያነባል። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣ በጣቱ መጨረሻዋን እየነካ፣ "ይቺ ሴሚኮለን የማን ናት?" ብሎ ይጠይቃል፤

ሠ) ክፍሉ አንገቱን ይደፋል። ተጠሪው ብቻ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ያያል፤

ረ) መምህሩ "ግድ የለም፣ ፋይናል ላይ እንተዋወቃለን" ይላል። ይህ ዛቻ አይደለም፤ ፊድባክ ይባላል።

5. ተማሪው፣ ተማሪው እያልኩ ምን ያሽኮረምመኛል? ሴሚኮለኗ የእኔ ናት። ደግሞ አልተሳደብኩም። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ቅጹ መምህሩ በሰዓቱ ይገባል ወይ ይላል። ድምፁ ይሰማል ወይ፣ አለባበሱ ለሙያው ይመጥናል ወይ ይላል። ላብ ውስጥ ስንት ኮምፒውተር ይሠራል የሚል ጥያቄ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ የለም። ታች "ተጨማሪ አስተያየት" የምትል አንድ መስመር ተርፋ ነበር፤ እሷ ላይ ጻፍኩት።

ምን ሆነ? የጻፍኩት ላቡን ያልገዛው፣ ያልዘጋው፣ ማሽኖቹን ያላበላሸው ሰውዬ ፋይል ውስጥ ገባ። በእኔ ዓረፍተ ነገር ነጥብ የሚያጣው እሱ ነው። የሚከፈለው ለቤት ኪራይ ስለማይበቃው ከከተማ ጫፍ ከተማ ጫፍ ሲሮጥ የሚውል ሰው፣ በዚያች ነጥብ ኮንትራቱ ይታደስ አይታደስ እየፈራ፣ እኔን ይዞ ይሟገታል። እኔም እሱን። ስለ ግዢ ክፍሉ የምንሞላው ቅጽ የለም። የኮሌጁን ባለቤት ከ1 እስከ 5 ገምግሙ ያለን የለም። ሁለት ምስኪኖችን አንድ ወረቀት ላይ አጋጭተው፣ እኛ ስንናከስ እነሱ "የጥራት ማረጋገጫ ሪፖርት" ይጽፉበታል!

6. ንዑስ አንቀጽ 5 በጽሕፈት ስህተት የገባ በመሆኑ እንዳልተነበበ ይቆጠራል።

አንቀጽ 6፦ ስለ ላብ

ወደፊት ይታያል።

አንቀጽ 7፦ አገራዊ ግዴታ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማፍራት እቅድ ለማገዝ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ተጨማሪ እስክሪብቶ ይዞ እንዲመጣ ታዟል።

አንቀጽ 8፦ ይግባኝ

በግሬዱ ቅር የተሰኘ ተማሪ ለትምህርት ክፍሉ ያመለክታል። ትምህርት ክፍሉ ማመልከቻውን ለሚመለከተው አካል ይመራል። የሚመለከተው አካል መምህሩ ነው። ማመልከቻው በእጅ ይጻፋል።

አንቀጽ 9፦ የመውጫ ፈተና

1. ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመንግሥትም ይሁን የግል ተቋም ሳይባል የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

2. ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል። አራት ዓመት ሙሉ ኮዱን በእስክሪብቶ የጻፈ ተማሪ፣ የሚሠራ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው በዚያን ቀን ነው። ማውሱን ሲይዝ እጁ ቢንቀጠቀጥ ፈታኙ በፍርሃት ነው ብሎ ይመዘግባል።

3. ተማሪው 49 ካመጣ ዲግሪው ይያዝበታል፤ ወላጆቹ ድንኳን ለመከራየት የሰጡትን ቀብድ ያጣሉ፤ የሰፈር ሰው "ልጁ ሰነፍ ነው" ይላል። ላቡን የቆለፈው ሰው ግን ስንት እንዳመጣ አይጠየቅም፤ በምረቃው ቀን ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ያጨበጭባል።

አንቀጽ 10፦ የተሻሩ ልማዶች

"ቲቸር፣ ላብ መቼ ነው የምንገባው?" ብሎ መጠየቅ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ ላቡ እስከሚከፈትበት ቀን ድረስ የጸና ይሆናል። ያ ቀን ስለማይታወቅ የማብቂያ ጊዜ መወሰን አላስፈለገም። የወርሃዊ ክፍያ ማብቂያ ግን ይታወቃል፦ ወሩ በገባ በ5ኛው ቀን። ከዚያ ያሳለፈ በቅጣት ይከፍላል።