ገዳዩ ገጹን ይዞ ጠፋ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ የአጋታ ክሪስቲን የወንጀል ልብ ወለድ ገዛሁ። ሦስት ሌሊት እንቅልፌን ሰጠሁት። ፖይሮ፣ ያ ራሱ እንቁላል የሚመስለው ባለ ጢም ቤልጅጋዊ መርማሪ፣ ተጠርጣሪዎቹን ሳሎን ሰብስቦ፣ ጢሙን አስተካክሎ፣ «ገዳዩ...» ሊል አፉን ሲከፍት ቀጣዩ ገጽ የለም። ተቀዷል። በነጋታው አዟሪውን ፈልጌ ያዝኩት።

«አንተ ልጅ፣ የመጨረሻው ገጽ የታለ?»

«ገዳዩ ይዞት ጠፍቶ ነዋ ጋሼ! ምን ያድርግ፣ ስሙ ያለው እዚያ ላይ ነው።»

በተረብ የተመታ ሰው ገንዘቡን አያስመልስም። ሌላ መጽሐፍ ገዝቼ ተመለስኩ።

የክረምቱ ንባቤ እንዲህ ተጀመረ። አብረውት የገቡ ዕቃዎችም አሉ። ዕቃ ስላችሁ ድስት ወይም አልጋ እንዳይመስላችሁ፤ «ምን ያደርግልሃል?» ስባል መልስ የማጣባቸው ናቸው። እማዬ ባጭሩ «ኮተት» ትላቸዋለች።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሼርሎክ ሆምስ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። የሆምስ ወዳጅ ዶክተር ዋትሰን በ1887 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፍ አፍጋኒስታን ዘምቶ ትከሻውን በጥይት ተመቷል። በ1890 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ያው ቁስል እግሩ ላይ ተገኘ። ጥይቷ በሦስት ዓመት ከትከሻ ወደ እግር ቤት ቀየረች ማለት ነው፤ ኪራይ ጨምረውባት መሆን አለበት። ደራሲው ኮናን ዶይል በ1893 ሆምስን ከፏፏቴ ከትቶ ተገላገልኩ ሲል፣ አንባቢ መውጫ መግቢያ ቢያሳጣው በ1903 «ለካስ አልሞተም» ብሎ ይዞት ብቅ አለ። አሥር ዓመት ተለቅሶለት! የእኛ ሠፈር ዕድር ቢሆን የድንኳኑንና የንፍሮውን ሒሳብ ከነወለዱ ያስከፍለው ነበር።

ሦስተኛው የአንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» ነው። ጠፈርተኛው ማርስ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ ያስቀረው ዕቃ ነቅሎ የሚወረውር አውሎ ነፋስ ነው። የማርስ አየር ግን ጫናው ከመሬት አየር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ነፋስ ሰው መጣል በላባ በሬ መጣል ነው። ደራሲውም አልካደም፤ አውቆ እንዳደረገው ተናግሯል። ቀሪውን መጽሐፍ ግን በካሎሪና በሊትር እያሰላ ይክስሃል። ጠፈርተኛው አፈሩን በሰው ዐይነ ምድር አዳብሮ ድንች እንደሚያበቅል ለእማዬ ብነግራት፣ «ለድንች ነው ማርስ ድረስ? እንጅባራ ምን አነሰው?» አለች።

የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ»ም ደግሜ አነበብኩት። ከናሳ እስከ ጣና ገዳማት ሲያስሮጠኝ ትንፋሼ ተቆረጠ እንጂ «ማስረጃ አምጣ» አላልኩም። ምክንያቱም ልብ ወለድ ሲዋሽ ስሙን አስቀድሞ ይነግርሃል። ካርቶን ግን እየዋሸ ዋስትና ይሰጥሃል።

ለምሳሌ ቴሌስኮፔ። ካርቶኑ «525 እጥፍ ያጎላል» ይላል። ሒሳቡን ስመረምረው ቁጥሩ ልክ ነው፦ የትኩረት ርዝመቱ 700 ሚሊ ሜትር፣ በትንሿ የዓይን ሌንስ 4 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 175፣ አብራ በመጣችው የሦስት እጥፍ ማጉያ ሲባዛ 525። ያልተነገረኝ የፊት ሌንሱ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር መሆኑና ቴሌስኮፕ በደህና የሚያጎላው የዚያን ሁለት እጥፍ ገደማ፣ ማለትም እስከ 140 ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የሚጎላው ብዥታው ነው። በ525 ያየኋት ጨረቃ አክንባሎው ሲነሳ በእንፋሎት ውስጥ የምትታይ እንጀራ ናት። ጋሊልዮ በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው በ20 እጥፍ ገደማ ነው። ካርቶን ስላልነበረው ይሆናል።

ለነገሩ ጨረቃዋንም ያየኋት ስንት ሌሊት ደጅ ጠንቼ ነው፤ የገዛሁት በሐምሌ ነዋ። እማዬ በረንዳው ላይ ጋቢ ደርቤ ሳንጋጥጥ አይታ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ መጥረጊያ ገዝተህ ደመናውን አትጠርግም ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ ሰዓቱ አለ። እርምጃ ይቆጥራል፤ ልብ ምት ይቆጥራል፤ ትዕግሥቴን ግን መቁጠር አልቻለም። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ አገጬን ነክቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ በተቀመጥኩበት እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፦ «ለረጅም ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ይንቀሳቀሱ!»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለሾፌሩ ንገረው!» አልኩት ጮክ ብዬ።

ረዳቱ ዞሮ፣ «ፋዘር፣ ለሰዓቱም ሒሳብ ይከፈል፤ የሚያወራ ተሳፋሪ ነጻ የለም» አለኝ።

የቆጠራውን ነገር ለማጣራት ሰዓቱን ለእማዬ አሰርኩላት። ሙቀጫውን ጉልበቷ መሐል አድርጋ ቡናዋን ወቀጠች። ከበርጩማዋ ሳትነሳ 412 እርምጃ ተመዘገበላት! ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ ሰዓቱ እግር አያይም፤ በውስጡ ያለው መሣሪያ የሚያውቀው የእጅ ውዝዋዜን ነው። እማዬ ቁጥሩን ስነግራት አልተደነቀችም። «ታዲያ እኔ ቃሊቲ ስደርስ፣ ጀበናውን ማን ጣደው?» አለች።

ከኮተቶቼ ሁሉ ሐቀኛው የመጽሐፍ ማንበቢያው ነው። እሱም ቢሆን «ሺህ መጽሐፍ ይይዛል» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፤ ሺህ ብር የሚይዝ ቦርሳም እኮ አለኝ። አሠራሩ ግን ደስ ይላል። የፀጉር ውፍረት በሚያህሉ እንክብሎች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ገፍቶ ፊደሉን ይሠራና ዞር ይላል። ጽሑፉ ያለ ኃይል ባለበት ይቆያል። ይህን ለእማዬ ሳስረዳ፣ «ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ምንም ሥራ የለውም ማለት ነው» ብዬ ደመደምኩ።

«ካንተ ጋር የተስማማው ለዚህ ነዋ» አለች።

ያንኑ የክሪስቲ መጽሐፍ ማንበቢያው ላይ ገዝቼ ጫንኩ። አሁን የማን ገዳይ ያመልጣል? እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ባትሪው ለሳምንታት ይቆያል ስለተባልኩ ቻርጅ ማድረጉን ረሳሁት። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ፖይሮ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ፤ ጢሙን አስተካከለ፤ አፉን ከፈተ። ገጹን ብገልጠው የባዶ ባትሪ ሥዕል ድቅን!

በማግስቱ አዟሪው ከሩቅ አየኝ። «እሺ ጋሼ፣ ገዳዩ ተያዘ?»

የሆነውን ነገርኩት። መጻሕፍቱን ከትከሻው ወደ ክንዱ አዛውሮ፣ ማንበቢያዬን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣

«ይሄንንስ ማን ቀደደው ልትል ነው?» አለኝ።