የአድሚን ርስት

የሠፈራችን ዕድር በቴሌግራም ላይ ባቆመው ማኅበር ውስጥ ፎቶግራፍ መላክ ክልክል ነው። ክልከላው ለምን እንደ ወጣና እስከ መቼ እንዲጸና እንደ ታሰበ ቢጠየቅ አጥርቶ የሚመልስ አይገኝም፤ ነገር ግን ወርኃዊ መዋጮውን በባንክ ያስገባ አባል ደረሰኙን ለገንዘብ ያዡ ለማሳየት በቃጣ ቁጥር፥ ስልኩ በትሕትና ግን በማያወላውል ቃል በዚህ ማኅበር ፎቶግራፍ እንደማይፈቀድ ያስታውቀዋል። ስለዚህ ጅጅጋን በሚያህል ከተማ፥ ባለ ባጃጁ እንኳ ሒሳቡን በስልክ በሚቀበልበት ዘመን የምንኖር ሰዎች፥ ኤፍ ቲ ብሎ የሚጀምረውን ፊደልና አኃዝ የተደባለቀበት የደረሰኝ ቁጥር መነጽራችንን አስተካክለን እንደ ብራና ጸሐፊ አንድ በአንድ እንገለብጣለን፤ ዜሮና ኦ የተምታታበትም አባል፥ አልከፈለም ተብሎ ስሙ በጉባኤ ይነበባል።

ነገሩ ትንሽ መሆኑን ባለቤቴ ደጋግማ አስረድታኛለች፤ እኔም አልክድም። ሆኖም ትንሽ ነገር ሁሉ ምንጭ አለውና፥ ምንጩን ወደ ላይ እየተከተልሁ ስሄድ ከጅጅጋ ተነሥቼ እስክንድርያ ደርሻለሁ።

አንባቢ እንደሚያውቀው ቴሌግራም በ2015 ዓ.ም ትልልቅ ማኅበራት በየርእሱ እንዲከፈሉ ከፈቀደ ወዲህ፥ የእኛም ዕድር ከዘመኑ ሥልጣኔ ወደ ኋላ ላለመቅረት ራሱን «ማስታወቂያ»፥ «ለቅሶና ደስታ»፥ «ገንዘብ ያዥ»፥ «የጠፋ ዕቃ» እና «ጨዋታ» በሚባሉ ክፍሎች አደላደለ። ለእያንዳንዱ ክፍል ስምና ምልክት ተሰጠው እንጂ የራሱ ሕግ አልተሰጠውም። በዋናው ማኅበር የተከለከለው ሁሉ በየክፍሉ የተከለከለ ነው፤ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፥ አከራዩ አንዱን ለመቅጣት ቆጣሪውን ባጠፋ ጊዜ ሁሉም በጨለማ እንደሚያመሹ ማለት ነው። አንዱን ክፍል ጨርሶ መዝጋት ይቻላል፤ ለአንዱ ክፍል ብቻ ፎቶግራፍ መፍቀድ ግን አይቻልም።

የክልከላው ትውፊት እንዲህ ይላል፦ ክፍሎቹ ከመፈጠራቸው አስቀድሞ ከቶጎ ውጫሌ ሸቀጥ የሚያመላልስ አንድ አባል ነበረ። ይህ ሰው በአንዲት ሌሊት የጫማ፥ የሽቶ፥ የሩዝ ማብሰያና የብርድ ልብስ ፎቶግራፍ በላይ በላዩ ስላዘነበ፥ በማግሥቱ የአንዲት እናት የአርባ ቀን ጥሪ በብርድ ልብሶቹ መካከል ጠፍቶ ዋለ። የማኅበሩ መሥራች ተቈጥቶ ፎቶግራፍን ከሥሩ ከለከለ። ነጋዴው አኩርፎ ወጣ፤ መሥራቹም ጥቂት ቆይቶ ሚኒያፖሊስ ገባ፤ ክልከላው ግን ጅጅጋ ቀረ።

መሥራቹ ደግ ሰው ነው፤ ክፉም ያሰበ አይመስለኝም። ሲሄድ ለምክትሎቹ ብዙ ሥልጣን ሰጥቷል፤ መልእክት ይሰርዛሉ፥ ፒን ያደርጋሉ፥ አዲስ አድሚን ይጨምራሉ። አባል የማገድን መብት ብቻ፥ ዕድርተኛ ዕድርተኛን እንዳያባርር በመስጋት ለራሱ አስቀረ። ታዲያ የጠቅላላው ማኅበር ፈቃድ የሚለወጥበት ቁልፍ ከዚህ ከማገድ መብት ጋር የተቈራኘ ስለሆነ፥ ፎቶግራፍን የሚፈታ እጅ በጅጅጋ ምድር የለም። ባለቤትነቱን ለሌላ እንዲያስተላልፍ ለምነነዋል፤ ለዚህም የቴሌግራም ሥርዐት ተጨማሪ የይለፍ ቃል እንዲያበጅና ካበጀም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን እንዲቆይ፥ ማለት አንድ ሱባዔ እንዲይዝ ያዝዘዋል። ሰውየው ግን እኛ ስንነቃ ይተኛል፥ እኛ ስንተኛ ሥራ ይገባል፤ ሱባዔውም እስካሁን አልተጀመረም።

ከእርሱ በታች ያሉት ሹማምንት ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ድርሳን ይወጣዋል። በቴሌግራም ሕግ አድሚን ከያዘው የማይበልጥ ሥልጣን ከፍሎ ሌላ አድሚን ሊሾም ይችላል፤ መሻር የሚችለው ግን ራሱ የሾመውን፥ እርሱ የሾማቸውም የሾሟቸውን ብቻ ነው። መሥራቹ የዕድሩን ጸሐፊ ሾመ፤ ጸሐፊው የእኅቱን ልጅ ሾመ፤ የእኅቱ ልጅ ውጫሌ የሚሠራ ባልንጀራውን ሾመ፤ ባልንጀራውም ስልክ ሲያስጠግን ያገኘውን አንድ ወጣት ሾመ። ጸሐፊው ድሬዳዋ ከተዛወረ ቆይቷል፤ ዘሩ ግን በማኅበራችን ላይ ይነግሣል። በዚህ አገር ሕፃን ልጅ አብቲርሲውን፥ የአባት የአያቱን ስም ወደ ላይ እየቈጠረ ሳያቋርጥ እንዲወርድ ይማራልና፥ የአድሚኖቻችንንም የትውልድ ሐረግ ብናስጠናው በአንድ ቀን በያዘው ነበር። የቀድሞው ሥርዐት ርስትንና ጉልትን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፥ ጉልት ግን ከአገልግሎት ጋር ተሰጥቶ ከአገልግሎት ጋር ይመለሳል፤ ቢያንስ ሕጉ እንዲህ ይል ነበር። አድሚንነት በባሕርዩ ጉልት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ማንም ሳያውጅ ርስት ሆኖ ተገኘ።

ይህን ስል አዲስ ነገር ያየሁ መስሎኝ አይደለም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል የቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ ከእስክንድርያ መንበር እየተሾመ ይመጣ ነበር፤ የመጣውም ጳጳስ በአንብሮተ እድ ዲያቆናትንና ቀሳውስትን ይሾማል እንጂ ሌላ ጳጳስ መሾም አይፈቀድለትም። የዛሬው ወጣት እንደሚለው፥ አድሚን መጨመሪያው ጠፍቶበት ነበር ማለት ነው። ጳጳሱ ባረፈ ጊዜ ነገሥታቱ ወርቅና እጅ መንሻ አስይዘው ወደ ግብፅ መልእክተኛ ይልካሉ፤ መልእክተኛው በመንገድ ሲታሰር ወይም ሲዘገይ አገሩ ለዓመታት ያለ ጳጳስ ይቀመጣል። በ1921 ዓ.ም አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ካይሮ ወርደው ማዕርገ ጵጵስና ሲቀበሉ እንኳ፥ ራሳቸው ሌላውን እንዳይሾሙ ሆነው ነው የተሾሙት። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም ደግሞ ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ ክርክሩ አላቋረጠም። ያን ዘመን ስናነብ የእስክንድርያን ሰዎች እንወቅሳለን፤ ሚኒያፖሊስ ያለው ሰው ግን የእኛው ዕድርተኛ ነው።

የዋትሳፕ ሥርዐት ሌላ ነው ይላሉ፤ ብቸኛው አድሚን ጥሎ ከወጣ ከአባላቱ አንዱ በዘፈቀደ ይሾማል። ይህ ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን በዕጣ ከመረጡበት ሥርዐት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሐዋርያት ዕጣውን ከመጣላቸው በፊት መጸለያቸው፥ ደግሞም የሚገቡበትን ሰዎች አስቀድመው ሁለት ብቻ ማድረጋቸው ነው። የጅጅጋ ገዥ የነበሩት፥ የከተማይቱንም መንገዶች ቀጥ ባለ ማዕዘን እንዳስቀየሱ የሚነገርላቸው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1923 ዓ.ም የወጣውን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ዕጣውን አልመረጡትም፤ ዘውዱ ከአንድ ዘር እንዳይወጣ በአንቀጽ ተጻፈ። በ1967 ዓ.ም ዘውዱም ዘሩም አንቀጹም አብረው ሄዱ። መንገዶቹ አሁንም ቀጥ ያሉ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ጨዋታውን ላቁመው። ባለፈው ክረምት የዕድሩ አንጋፋ አባል የነበሩ ጎረቤታችን ሌሊት ዐረፉ። ሙስሊም ነበሩና ቀብራቸው በዚያው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ሊፈጸም ነበር። ልጃቸው ማለዳ «ማስታወቂያ» ላይ ሊጽፍ ሞከረ፤ ክፍሉ ከአድሚን በቀር ማንም እንዳይጽፍበት የተዘጋ ነው። «ለቅሶና ደስታ»ም አንድ ሰው ያለ አግባብ ስለተቈጣበት ተዘግቷል። ቢቸግረው «ጨዋታ» ላይ ጻፈው፤ እዚያ ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ ክርክር ውጦት ዋለ። ከአድሚኖቹ አንዱ ውጫሌ፥ አንዱ ወደ ቀብሪ በያህ በሚሄድ መኪና ውስጥ፥ የቀሩት በእንቅልፍ ላይ ነበሩ። ማስታወቂያው የወጣው ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ነው፤ ያውም የጻፈው ሰው ስም ተሠውሮ፥ በማኅበሩ ስም፥ «በቀብሩ ላይ እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን» ይላል። ሬሳው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው የሚያሳስቡን! ይህ ዕድር ከዚህ በቀር ምን ሥራ አለው? ድንኳኑን፥ ወንበሩንና ብረት ድስቱን የገዛነው፥ ስንት ዓመት ያዋጣነው ለማን ነው? ጥሩንባ ነፊው ጎሕ ሳይቀድ በየመንገዱ እየዞረ ስንሰማ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም ነበር፤ ጥሩንባው የተዘጋበትም፥ ሹም የተኛበትም ቀን አላየሁም። ያን ሰው «ዘመኑ አልፏል» ብለን አሰናበትነው፤ በቦታውም ፊቱ የማይታይ፥ ስሙ የማይጠራ፥ ማን እንደ ሾመው ራሱ የማያስታውስ ሹም ተከልን።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ፥ የሐረጉ የመጨረሻ ቅጠል የሆነውን ያን ስልክ ጠጋኝ ወጣት በርጫ ላይ አገኘሁት። የምናገረውን በመንገድ አሰናድቼ ሄጄ ነበር። እርሱ ግን ገና ሲያየኝ ተነሥቶ ትራሱን ለቀቀልኝና፥ በሶማሊኛ አጎት ብሎ፥ «አዴር፥ ስለ ትናንቱ በጣም አፍሬአለሁ» አለኝ።

«አፍረህስ አትክፈተው?»

«‘ማስታወቂያ’ን አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። ግን ለሁሉም ከተከፈተ ብርድ ልብሱ ይመጣል።»

«ብርድ ልብስ በፎቶግራፍ ነው የሚመጣው፤ ፎቶግራፍ ደግሞ ተከልክሏል» አልሁት።

ጥቂት አሰበና «እውነት ነው፤ ለካ ክልከላው ይጠቅማል» አለ። ምን ልመልስለት? ሻይ በግመል ወተት አዘዘልኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሁሉ ሆነ። አንዱ አዲስ ማኅበር እንክፈት አለ፤ በማን ስልክ ይከፈት በሚለው ላይ ግን ስምምነት ጠፋ። ገንዘብ ያዡ ባለቤቱ ሁለት ሰው ይሁን ቢል፥ ቴሌግራም የሚያውቀው አንድ ባለቤት ብቻ መሆኑ ተነገረው። አንድ ተማሪ ወደ ዲስኮርድ እንግባ ብሎ፥ እዚያ ለየክፍሉ ሦስት ምልክት እንዳለ አስረዳን፤ አረንጓዴው ይፈቅዳል፥ ቀዩ ይከለክላል፥ መካከለኛው ዝም ይላል፤ ዝም የተባለበት ነገር ከላይ ያለውን ይወርሳል። ይህ ዝምታ የሚሉት ነገር ለእኛ ጠባይ የሚስማማ መስሎኝ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ስሙን ሰምተው የጭፈራ ቤት ነው ብለው ተዉት። ከሺኒሌ የመጣ አንድ እንግዳ ደግሞ የኢሳ ጎሳ መሪ የኡጋሱ ሥልጣን ከአባት ወደ ልጅ እንደማይወርድ፥ ጉባኤው ከወርዲቅ ወገን ፈልጎ እንደሚያነግሠው፥ ይህ ሔር ኢሳ የሚባለው ያልተጻፈ ሕግም በ2017 ዓ.ም በዩኔስኮ መዝገብ እንደ ገባ በኩራት ተረከልን። እኛም ወርዲቃችን የትኛው ቤት ነው እየተባባልን ስንከራከር ሁለተኛው ሻይ ደረሰ።

እንግዳው አንድ ጊዜ ቀመስ አድርጎ ስኒውን አስቀመጠና፥ የከተማ ወተት በፕላስቲክ ጀሪካን መመላለስ ከጀመረ ወዲህ በጢስ የታጠነውን ዕቃ ጣዕም አጥቷል አለ። እዚህ ላይ እኔ አልተስማማሁም፤ ከቀብሪ በያህ በኩል በማለዳ የሚመጣው በጀሪካንም ቢሆን ጢሱን አይለቅም፤ ዋጋው ነው እንጂ የማይቻለው፤ እርሱም ቢሆን ዝናቡ ከጣለ ይረክሳል ይላሉ።