ጥላቻ ለኮምፒውተር ቋንቋዎች ዕድሜ መርዘም ያለው አስተዋጽኦ፦ የመነሻ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ፕሮግራመር ሥራውን ይወዳል፤ ደመወዙንም አይጠላም። የሚሠራበትን ቋንቋ ሲያነሡበት ግን ፊቱ ይለዋወጣል። ይህ ጥናት አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሣ፦ ፕሮግራመሮች አምርረው የጠሉት ቋንቋ መጨረሻው ምን ይሆናል? በመጀመሪያ የተያዘው መላ ምት «ይሞታል» የሚል ነበር። መጠይቅ መበተን አላስፈለገም፤ ተሳታፊዎቹ ሳይጠየቁ ይናገራሉ፣ ከተጠየቁ ደግሞ አያቆሙም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይገለጻል።

የእርግማኑ ታሪክ

በዘርፉ የታወቁትን እርግማኖች በብዛት ያወረደው ሆላንዳዊው ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ ነው። በ1972 የኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት የተቀበለ ሰው ስለሆነ እርግማኑ እንደ ማንም እርግማን አይታይም። በ1975 በጻፈው ማስታወሻ ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ የሕፃንነት በሽታ አደረገው፤ ቤዚክን ቀድሞ የተማረ ልጅ አእምሮው ስለተሰናከለ ደህና ፕሮግራመር እንዲወጣው ተስፋ እንዳይደረግ አሳሰበ፤ ኮቦልን ማስተማር ደግሞ በወንጀል እንዲያስጠይቅ ሐሳብ አቀረበ።

ኮቦል የተጠነሰሰው በ1959 ነውና ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበር። በኤፕሪል 2020 ኮሮና ሥራ ያሳጣቸው ሰዎች የድጎማ ማመልከቻ ሲያጎርፉ፣ የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ መግለጫ ላይ ቆመው ኮቦል የሚችሉ በጎ ፈቃደኞች እንዲደርሱላቸው ተማጸኑ። ማመልከቻውን የሚያስተናግደው አሮጌ ሲስተም በኮቦል የተጻፈ ነበር። ወንጀለኞቹ ከ45 ዓመት በኋላ በይፋ ተፈለጉ ማለት ነው፤ የተፈለጉት ግን ለእስር ሳይሆን ለሥራ ነው። ፎርትራንም ከነሕፃንነት በሽታው ዛሬም የአየር ጠባይ ትንበያ ያሰላል።

የጠላቶች አመዳደብ

የቋንቋ ጠላቶች በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ወራሽ ነው። ሥራ በገባ በሳምንቱ፣ ለቅቆ የሄደ ሰው የጻፈውን ኮድ ይረከባል። ዶክመንቴሽን የሚባል ነገር የለም፤ ኮዱ መሐል «ይህን እንዳትነኩ» የሚል አንድ ኮመንት ብቻ አለ። ጸሐፊው ካናዳ ስለገባ ቁጣው ቅርብ በተገኘው ላይ ያርፋል፤ ቅርብ የተገኘው ቋንቋው ነው። ሁለተኛው በዝና የሚጠላ ነው። በቋንቋው አንዲት መስመር ጽፎ ስለማያውቅ ጥላቻው በልምድ አልተበረዘም። ሦስተኛው ነባሩ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሠርቶበታል፤ በየቀኑ ያማርረዋል፤ ሌላ ሰው ሲያማው ግን ይቆጣል።

ከዚህ ሌላ፣ የመጻሕፍት ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው በትርጓሜ እንደሚለያዩ ፕሮግራመሮችም ፍሮንትኢንድና ባክኢንድ ተብለው ይለያያሉ። ላይ ቤት ሰው የሚያየውን ገጽ ይሠራል፤ ታች ቤት ከሰርቨሩና ከዳታቤዙ ጋር ይውላል። ኢረር በመጣ ቁጥር ሁለቱም ያመሠጥራሉ። ለምሳሌ ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራመርን ለብዙ ዘመን ሲያስደነግጥ የኖረውን «ያልተጠበቀ ቲ ፓአማዪም ነኩዶታዪም» የሚለውን መልእክት እንውሰድ። ታች ቤት፦ ላይ ቤት የላከው ዳታ ተበላሽቷል ሲል ነው። ላይ ቤት፦ ታች ቤት ማታ ለማንም ሳይነግር ኮድ ቀይሯል ሲል ነው። አንድም፣ እንደ ጀማሪው፣ ቫይረስ ገብቷል ሲል ነው። ታሪክ፦ ከ1997 ጀምሮ የፒኤችፒን ሞተር እንደ አዲስ የጻፉት አንዲ ጉትማንስና ዜቭ ሱራስኪ እስራኤላውያን ነበሩና «::» የሚለው ምልክት በውስጥ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶለት ቀረ። እንግዲህ ምሥጢሩ ሲፈታ፣ ዓለምን ግራ ያጋባው ነገር ለእኛ ዓይን አራት ነጥብ ነው።

ማስረጃዎች

ጥላቻው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በሜይ 1995 ኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ በ10 ቀን ሠራው። ቋንቋው «2» የሚል ጽሑፍ ላይ 1 ሲደምሩበት 21 ይላል፤ ከዚያው ጽሑፍ 1 ሲቀንሱ 1 ይላል። መደመር ላይ ቁጥሩን ጽሑፍ ያደርገዋል፣ መቀነስ ላይ ጽሑፉን ቁጥር ያደርገዋል፤ ቅር የሚለው ነገር የለም። ባዶ መሆኑን ለማመልከት የተፈጠረውን «ናል»ን ዓይነቱን ሲጠይቁት «ኦብጀክት ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ይህ እንዲታረም ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በስሕተቱ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ድረ ገጾች ይበላሻሉ ተብሎ ቀረ። ወሮችንም የሚቆጥረው ከ0 ነው፦ ጃንዋሪ 0፣ ዲሴምበር 11። ቀኖቹን ግን ከ1 ይጀምራል። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ይዞ የመጣ ሰው በዚህ በር አይገባም፤ የዚህ ጥናት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የሆኑት ለዚህ ነው።

ፒኤችፒ የጽሑፍ ርዝመት እንዲለካ ሲታዘዝ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። የኛ ፊደል አንዱ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» 9 ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ስም ከ20 ፊደል እንዳይበልጥ የሚያዝ ቅጽ ላይ ገብረማርያም የሚባል ሰው ስሙን ቢያስገባ፣ በሰባት ፊደላቱ 21 ሆኖ ይመለሳል። «እባክዎ ስምዎን ያሳጥሩ» የሚል መልእክት ይወጣለታል፤ ገብሬ ብሎ ይመዘገባል። በትክክል የሚቆጥር ሌላ ትእዛዝ መኖሩን ፕሮግራመሩ የሚሰማው ቅሬታ ከመጣ በኋላ ነው። በዚሁ ቋንቋ ውስጥ መርፌን ከሳር ክምር መፈለግ የሚባል አሠራር አለ፤ ስያሜው ራሱ የቋንቋው መመሪያ የሰጠው ነው። አንዱ ትእዛዝ ክምሩን አስቀድሞ መርፌውን ያስከትላል፤ ሌላው መርፌውን ያስቀድማል። የትኛው የትኛውን እንደሚያስቀድም በቃሉ የያዘ ሰው አልተገኘም። ዊኪፒዲያ የሚሠራው በዚህ ቋንቋ ነው፤ ፌስቡክም የተጀመረው በዚሁ ነው።

ኤክሴል ዘንድ ነገሩ ከፕሮግራመር አልፎ ባዮሎጂስት ደርሷል። «ማርች1» ይባል የነበረውን የሰው ዘረመል ሳይንቲስቶች በጻፉ ቁጥር ኤክሴል ወደ ማርች 1 ቀን ይለውጥባቸው ነበር። በ2020 የዘረመል ስያሜ ኮሚቴው መፍትሔ አበጀ፦ የዘረመሎቹን ስም ቀየረ። የሰውን ዘር መዝገብ ማረም ኤክሴልን ከመጠበቅ ይልቅ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። በኤክሴል ውስጥ የሚሠራበት ቪቢኤ የተባለው ቋንቋም ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ በ2019ና በ2020 ፕሮግራመሮችን ሲጠይቅ እጅግ የተፈራ ሆኖ አንደኛ ወጣ። የብዙ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ዛሬም በእርሱ ይዘጋል።

ማነጻጸሪያ

ጥናት ያለ ማነጻጸሪያ አይቆምም፤ ስለዚህ የተመሰገነ ቋንቋ ተፈለገ። አልጎል 60 ተገኘ። እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር፣ እርሱም የቱሪንግ ተሸላሚ ነው፣ አልጎል 60 ከእርሱ በፊት ከነበሩት ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ከመጡትም ከሞላ ጎደል ከሁሉ እንደሚሻል መስክሮለታል። ሙገሳው ያማረ ነው፤ የአልጎል 60 ፕሮግራመር የሚፈልግ የሥራ ማስታወቂያ ግን አይታይም።

ሲ ፕላስ ፕላስን የፈጠረው ቢያርን ስትሩስትሩፕ ቋንቋዎች ሁለት ዓይነት ናቸው ይላል፦ ሰው የሚያማርርባቸውና ማንም የማይሠራባቸው። ይህ ጥናት ያንን ግኝት አንድ እርምጃ ያራምደዋል። የሚማረርበት ቋንቋ ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ቋንቋ ነው። ደመወዝ ስለሚከፈልበት ኮድ ይጻፍበታል፤ የተጻፈውን ኮድ ለመጣል የሚደፍር ኃላፊ ስለማይገኝ ለወራሽ ያልፋል፤ ወራሹ ይረግመዋል፤ እየረገመም አንድ ሺህ መስመር ይጨምርበታል። ለሚቀጥለው ወራሽ የሚተርፈው ኮድ በዚህ ያድጋል። መላ ምቱ ስለዚህ ውድቅ ሆኗል፤ ርግማን ቋንቋን ያሰነብታል እንጂ አይገድልም።

ምክረ ሐሳብ

አንድን ቋንቋ ከምድር ገጽ ለማጥፋት ከልቡ የሚሻ ሰው እርግማኑን ዛሬውኑ ያቁምና ማመስገን ይጀምር። ስለ ውበቱ ጉባኤ ይጥራ፤ ሽልማት ያሰጠው፤ ቢቻል ቶኒ ሆር ለአልጎል እንዳደረገው በክብር ይሸኘው። ቀሪውን ዝምታ ይጨርሰዋል።

ዘዴውን በፒኤችፒ ላይ ለመሞከር ታቅዶ ቋንቋውን በበጎ የሚያነሡ ፈቃደኞች ተጠርተው ነበር። የመጡት ሁሉ ያመሰገኑት ላራቬል የተባለውን የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ብቻ ነው፤ ያመሰገኑበትም ምክንያት ፒኤችፒ አለመምሰሉ ነው። በዚህም የተነሣ ሙከራው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል፤ ቋንቋው በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።