ተራራው ለሁለት፣ ድግሱ ለእናት

ኮሎራዶ ውስጥ ለመጋባት ሁለት ሰው ይበቃል። ቄስም፣ ዳኛም፣ ምስክርም ግድ አይደለም። ተጋቢዎቹ ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት የጋብቻ ፈቃድ ያወጣሉ፤ በ35 ቀን ውስጥ ካሻቸው ተራራ ላይ ወጥተው ራሳቸውን በራሳቸው ያጋባሉ፤ ወረቀቱን ፈርመው ይመልሳሉ፤ አለቀ። የውሻቸውን መዳፍ ቀለም ነክረው «ምስክር» ብለው የሚያሳርፉም አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የቤተሰብ ሕግ ግን በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡትን ከየወገናቸው ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር አምጡ ይላል። ሕጉ አራት ይበል እንጂ የእናቶች ሕግ ከአራት መቶ አይወርድም።

እዚያው ኮሎራዶ፣ አውሮራ የምትኖረው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ሮኪ ማውንቴን ፓርክ ሄደን ሁለታችን ብቻ ቃል እንገባባለን፤ ማታ ደግሞ ትንሽ የቤተሰብ ራት ይኖራል» አለችኝ። ተራራስ ይወጣል። «ትንሽ የቤተሰብ ራት» የተወጣ ሐበሻ ግን እስካሁን አላየሁም።

እህቴ «ልጄ ኮበለለች!» ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«እንዴ! የኮበለለች ልጅ ቀኑን ተናግራ፣ ሰዓቱን ተናግራ፣ ‹ሁላችሁም የአገር ልብስ ልበሱ› ብላ ትሄዳለች?» አልኳት።

«ሽማግሌስ? ሽማግሌ ሳይላክ?»

እውነቷን ነው። ለሚያገባት ልጅ ነገርኩት፤ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ የሠፈራችን አባቶች ሲሆኑ ሦስተኛው የልጁ የተራራ ጓደኛ፣ ከጢሙ በቀር ሽማግሌ የሚያሰኝ ነገር የሌለው ፈረንጅ ነው። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ማለት እንዳለበት ተመክሮ ነበር። አባቶቻችን ደጃፍ ላይ ቆመው ዘር ማንዘር ሲቆጥሩ እሱ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ዳቦ ቆሎውን ይቆረጥም ጀመር። እህቴ ሳቋ አመለጣት፤ ልጅቷም በሳቅ ተሰጠች።

ከዚያ የፓርኩ ደንብ ተነበበ። ለሠርግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚቆመውም በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ምንም ነገር መበተን ክልክል ነው።

«ፈንዲሻም?»

«ፈንዲሻም።»

የድምፅ ማጉያ ክልክል ነው። ከተፈቀደ ቦታ ውጭ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ከሰል የለም፤ ከሰል ከሌለ ጀበና የለም።

«ታዲያ ይሄ ሠርግ ነው ወይስ ቅጣት?» አለች እህቴ። በመጨረሻ «እኔ እኮ መኪና ውስጥ ነው የምቀመጠው፤ ማንንም አልረብሽም» በሚል ስምምነት ተደረሰ።

የራቱ ዝርዝር ግን ሌላ ነገር ነው። ሙሽሮቹ ሃያ ሰው አሉ። እህቴ ወረቀት አወጣች። መጀመሪያ ዘመድ ተጻፈ። ቀጥሎ ካልተጠራ የሚቀየም ተጻፈ። ቀጥሎ ማኅበርተኛ፣ ዕድርተኛ፣ ዕቁብተኛ ተጻፈ። «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማን ናት?» ብላ ልጇ ስትጠይቃት እህቴ የሰጠችው መልስ አፌን አስያዘኝ፦ «የልጇን ሠርግ በልቻለሁ።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለወጣቶቹ ሠርግ የፍቅር ጉዳይ ነው፤ ለእናቶች የሂሳብ መዝገብ ነው። እህቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ድግስ በልታለች፣ የሰው ሽንኩርት ከትፋለች፣ በሰው ልጅ እልል ብላለች። አንዲት ልጇ ተራራ ላይ ወጥታ ብትቀርባት ያን ሁሉ ብድር በምን ትከፍላለች? ደግሞስ ሠርጋችን መቼ የአንድ ቀን ሆኖ ያውቃል? ከሽምግልናው እስከ መልስና ቅልቅሉ ድረስ በየደረጃው የተከፋፈለ ነው። መካከሉን ለሁለቱ ብንለቅላቸው ዳርና ዳሩ ለእኛ ይበቃናል።

ቀኑ ደረሰ። ጊዜው መስከረም ነው፤ የተራራው ዛፍ ቢጫ ለብሷል። ሙሽሮቹ የመረጡት የፓርኩ ሐይቅ፣ ስፕራግ ሌክ፣ 2,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የልጁ ወገኖች እህቴን «ከፍታው እንዳያዞርሽ» እያሉ ውሃ በውሃ አደረጓት። ያደገችው ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን መሆኑን የነገራቸው የለም። ውሃውን በትሕትና ጠጣች። ሙሽሮቹ ከሐይቁ ዳር ብቻቸውን ቃል ሲገባቡ እንደ ቃሏ ከመኪናው አልወረደችም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረገች። እልልታው ሐይቁን ተሻገረ። የማጉያው ክልከላ እልልታን አይመለከትም።

ማታ ሙሽሮቹ የተራራ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወደ «ትንሹ ራት» መጡ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ዶሮ ወጡ ይሸታል፤ እስክስታው ደርቷል። በር ላይ እንግዳ የሚያስተናግዱ አንድ አባት አቧራ የለበሰ ጫማቸውን ከላይ እስከ ታች አይተው፦

«ልጆቼ፣ ቦታ እንኳ ሞልቷል፤ ግን እናንተ የማን ወገን ናችሁ?» አሏቸው።