አፈር ሳይለብስ ለመድረስ

ለሥራ ሲነዳ ረጋ ያለው ሰው ለቀብር ሲነዳ ሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ያየሁት በዘመዶቼ፣ በጎረቤቶቼ፣ በእድራችን ሰዎች ላይ ነው። በአዘቦት ቀን ለእግረኛ የሚቆም፣ ልጆቹ ቀበቶ ሳያስሩ ሞተር የማያስነሳ አባወራ፣ «ቀብሩ 9 ሰዓት ነው» የሚል ስልክ ከደረሰው በኋላ አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጨ፣ ክላክስ እየነፋ ከተማውን ሰንጥቆ ይወጣል። የሚገሥጸው የለም። ሌላው አሽከርካሪም ነጠላ አዘቅዝቀው የተቀመጡትን ሴቶች ሲያይ መንገድ ይለቅለታል። ለሐዘንተኛ መንገድ መልቀቅ ደግ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው፣ ከተማው አልቆ አስፋልቱ ሲከፈት የሚመጣው ነው።

ስለ ፍጥነት ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ሲኖትራኩን፣ ጫት የጫነውን አይሱዙ፣ ወጣቱን ሞተረኛ ነው። ጥፋታቸው ሐሰት አይደለም። ግን ስለ እነሱ ብዙ ተብሏል። ስለ ቤት መኪና ነጂውና አጠገቡ ተቀምጦ «ንካው እንጂ!» ስለሚለው ዘመድ ግን ብዙም አልሰማሁም።

የአክስቴ ባል አዲስ አበባ ኖሮ አዲስ አበባ ነው ያረፈው። ኑዛዜው ግን በተወለደበት በደብረ ሲና እንዲቀበር ነበር። ጊዜው ነሐሴ ነው። አስከሬኑ ከቅርብ ቤተሰቡ ጋር ማለዳ ወጣ። እኛ ግን የእድሩ ሰው እስኪሰባሰብ፣ የተከራየነው ሚኒባስ ነዳጅ ተሰልፎ እስኪቀዳ፣ ረፋዱን አዲስ አበባ አሳለፍነው። እኔ ኮሮላዬን ይዣለሁ። ከጎኔ ጋሼ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ተቀምጧል። ከኋላ እንደ እናት ያሳደገችኝ እትዬና ሁለት የዘመድ ልጆች አሉ። ከኋላችን ሚኒባሱና ሌሎች የቤት መኪኖች ነበሩ።

ስለ ጋሼ ትንሽ ላውራ፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ ሌላ መልክ ይኖረው ነበርና። ጋሼ ጉልበቱን የጨረሰው በአሰብ መንገድ ነው። ወደቡ ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ምክንያት በ1990 እስኪዘጋብን ድረስ ፊያት ከነተሳቢው እየነዳ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው በዚያ መንገድ ሲመላለስ ኖሯል። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ኮምቦልቻ፣ ሚሌ ለእሱ የሰፈር ያህል ናቸው። ዛሬ ዓይኑ ስለደከመ አይነዳም። ጆሮውና አፍንጫው ግን አሁንም ሾፌር ናቸው። የሞተር ድምፅ ሲለወጥ ከእኔ ቀድሞ ይሰማል።

ለገዳዲን አልፈን ሰንዳፋ ስንደርስ ስልኩ ጀመረ። «የት ደረሳችሁ?» የሚለው ከፊት ከሄዱት ነው። አለልቱ ላይ እንደገና። ሸኖ ላይ «እናንተ ገና ሸኖ ናችሁ? አፈር ሳይለብስ አትደርሱም በሉኛ!» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ከኋላ ሆና ማልቀስ ጀመረች። «ልጄ ባክህ ፍጠን፤ ሳልሰናበተው ልቀር ነው» አለችኝ። የእናት ያህል ያሳደገች ሴት እያለቀሰች ፍጠን ስትል እግር በራሱ ነዳጁን ይጫናል። ጋሼ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ «ያዝ ያዝ አድርገው» አለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ እትዬን «እሱን ተይው፤ መሪ የያዘን ሰው አያጣድፉትም» አላት።

ሂሳቡን ያኔ በአእምሮዬ ሠራሁት፤ ኋላም በወረቀት ሠርቼዋለሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ቢሆንና ሰው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሳይለዋወጥ ቢነዳ 1 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ይወስድበታል። በ100 ቢነዳ 1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። ልዩነቱ 20 ደቂቃ አይሞላም። መንገዱ ደግሞ ባዶ አይደለም። ሰንዳፋ ላይ ባጃጅ፣ አለልቱ ላይ ጭድ የጫነ አህያ፣ ሸኖ ላይ ገበያ የሚወርድ የበግ መንጋ፣ ጫጫ ላይ መንገድ የሚሻገሩ ልጆች አሉ። በሜዳው ላይ በነፍስ የተገዛችው ደቂቃ በሚቀጥለው ከተማ የበግ መንጋ ሲያልፍ ታልቃለች። ሸኖ መግቢያ ላይ እንደ ነፋስ ደርቦን ያለፈ ነጭ መኪና ሸኖ መውጫ ላይ ከፊታችን ቆሞ አገኘነው።

መንገዱን ከሚጋሩት መካከል ብዙዎቹ መኪና የላቸውም። ገበሬው ጋቢውን ተከናንቦ በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳል፤ ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ሌላ መሄጃ የለውም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ100 የሚሄደው 28። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንዲት ሰከንድ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልትና በደህና ጎማ የመጀመሪያው ሌላ 14 ሜትር ገደማ ተጉዞ ይቆማል። ሁለተኛው ግን 56 ሜትር ይፈልጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ነውና። ሲደመር 28 ሜትር በአንድ ወገን፣ 84 ሜትር በሌላ ወገን። አህያዋን የሚነዳው ልጅ በ40 ሜትር ላይ ቢሆንስ? የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይናገራል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን የዓለም ልጆችና ወጣቶች ከምንም በላይ የሚገድለውም የመንገድ አደጋ ነው። የጫጫ ልጆች ዕድሜ ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ጋሼ «አቁም» አለኝ። በእነሱ ዘመን የአሰብ ሾፌር ጣርማ በርን ከመጋፈጡ በፊት እዚህ ወርዶ ጎማውን በመዶሻ መትቶ፣ ፍሬኑን ፈትሾ፣ ሻዩን ጠጥቶ ነበር የሚነሳው። እትዬ ቅር አላት፤ ቢሆንም ቆምን። ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ፤ ኮፈኑን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን አየሁ፤ ደህና ነበር። በዚያ መሐል የእድራችን ሚኒባስ ከኋላ ደርሶ ሳይቆም አለፈን። በመስኮቱ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «ኑ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ!» ሲሉ ሰማናቸው።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ አገሩ ከፍ እያለ ይሄዳል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በነሐሴ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተነሳ መንገዱን ይውጠዋል። ጭላዳዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲግጡ አየንና ወዲያው ጠፉብን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ስንወጣ በስተ ቀኝና በስተ ግራ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። ቁልቁለቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ በአንዱ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል።

«በወጣህበት ማርሽ ውረድ» አለኝ ጋሼ። ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው ግን ተያዘ። ይህን ነገር የመንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ የሚያውቀው አይመስለኝም። ብዙ ሰው ቁልቁለት ሲያይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ይለቀዋል። ፎሌ ላይ ያለ መኪና ሞተሩ አይዘውም፤ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ደግሞ የሚያቆመው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ሳያቋርጡ ሲረግጡት ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቅተዋል፤ ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። አውቶማቲክ መኪና ያላችሁም «ዲ» ላይ ትታችሁ አትውረዱ። «ኤል» ወይም «2» የሚል ምልክት የተሠራው ለእንዲህ ያለው ቁልቁለት ነው።

መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ ስለነበር ሽታው መጀመሪያ የደረሰው ለጋሼ ነው። «ሸራ ተቃጥሏል» አለ። «የእኛ አይደለም፤ ከፊታችን ያለ ነው።» የሁለት ኩርባ ያህል እንደወረድን ሚኒባሱን አየነው። በተራራው ወገን ቦዩ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። አንደኛው ቸርኬ ይጨሳል። ከውስጥ «ወይኔ! ወይኔ!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋሼ ነው የመራው። መጀመሪያ ወደ ቆሰሉት እንድሮጥ አልፈቀደልኝም። መኪናዬን ከኩርባው ወዲህ አስወጥቶ አስቆመኝ፤ ሁለቱን የዘመድ ልጆች ደግሞ ወደ ላይ፣ የሚወርድ መኪና ከሩቅ ሊያያቸው ወደሚችልበት ላካቸው። ነጠላቸውን እያውለበለቡ እንዲቆሙ፣ ድንጋይና ቅጠል አስፋልቱ ላይ እንዲደረድሩ ነገራቸው። አንድ ፒክአፕ ጭጋጉን ሰንጥቆ መጥቶ ነጠላውን ሲያይ ፍሬን ያዘ፤ ተንሸራቶ ድንጋዮቹን ነክቶ ቆመ። ልጆቹ እዚያ ባይቆሙ ኖሮ የቆሰሉትን የምናወጣበት ቦታ ላይ ነበር የሚደርሰው።

አሥራ አንድ ሰው ነበር ውስጡ። በሕይወት ያልወጣ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንዲት እናት እግራቸው ተሰብሯል፤ አንድ ሽማግሌ የጎን አጥንታቸው፤ ሌሎቹ ተቆርጠዋል፣ ተላልጠዋል። ሹፌሩ ግንባሩ ደምቶ ቦዩ ዳር ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ፔዳሉ ሲሰምጥበት ገደሉን ትቶ መሪውን ወደ ተራራው እንዳዞረ ነገረን። ጋሼ ትከሻውን ያዘና «በዚያ ሰዓት ከዚህ የተሻለ የሚያደርግ የለም» አለው። ጥቂት ቆይቶ ግን «ስትወርድ በስንት ማርሽ ነበርክ?» ብሎ ጠየቀው። ሹፌሩ መልስ አልሰጠም።

ጉዳተኞቹን በእኔ መኪናና በፒክአፑ ከፋፍለን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። እግራቸው የተሰበረው እናት ከኋላዬ ተኝተው መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፤ «እኔ ነኝ ፍጠን ያልኩት። ልጁ ቀስ ሲል እኔ ነኝ ያጣደፍኩት።» እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ኋላ እንደሰማነው መኪናው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሹፌሩን ሲያቻኩለው ነበር። ሹፌሩ ኃላፊነት የለበትም አልልም። መሪው በእጁ፣ ማርሹም በእጁ ነበር፤ የተሳፋሪ ጩኸት ከሕግ አይበልጥም። ነገር ግን ደመወዙ በእኛ ኪስ ያለ፣ በዕድሜ ልጃችን የሚሆን ሰው፣ የሚያለቅሱ እናቶች ሲያጣድፉት እምቢ እንዲል ብቻውን መተው ፍርድ አይደለም።

ቀብሩስ? ቀብሩ ጠበቀን። አደጋውን ሲሰሙ ካህናቱ ፍትሐቱን አራዝመው፣ ቤተሰቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዝናብ እየመታው ቆይቶ፣ ከሐኪም ቤት የተመለስነው ሰዎች ስንደርስ ወደ 11 ሰዓት ግድም አፈር ለበሰ። እትዬ ተሰናበተችው። ሁለት ሰዓት መጠበቅ ይቻል ነበር ማለት ነው። ሃያ ደቂቃ ለማትረፍ አሥራ አንድ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ከመድረሱ በፊትም ይቻል ነበር። ስልክ የሚደውለው ሰው «አይዟችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ኑ፤ እንጠብቃችኋለን» ብሎ ቢሆን ኖሮ የዚያች እናት እግር ዛሬ ደህና ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእድራችንን ሰዎች ሳገኝ የምለው ይህንን ነው። ሩቅ አገር ለሚፈጸም ቀብር ሰዓት ሲቆረጥ መንገዱንና ወቅቱን ያገናዘበ ይሁን፤ በክረምት ጣርማ በርን ለሚያልፍ፣ ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሰው ጭጋግና ዝናብ ይታሰብለት። መኪና ስንከራይ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ጎማውንና ፍሬኑን እንጠይቅ። ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው የቸኮለው ሰው ሳይሆን ሽማግሌ ይሁን፤ ሥራውም ሌላውን ዝም ማሰኘትና ሹፌሩን «ያዝ አድርገው» ማለት ይሁን። ቀድሞ የደረሰ ዘመድ ወደሚነዳ ሰው አይደውል።

የእድር ሰብሳቢዎች ሆይ፣ የሚመጣው ወር ስብሰባችሁ ላይ ይህን አጀንዳ አድርጋችሁ አቅርቡት፤ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥም አስገቡት።