«ማኔጀሬን አነጋግሩ»

የከተማችን ተዋንያን ሰሞኑን አንድ ዓረፍተ ነገር ለምደዋል። ስልክ ይደወላል፣ ሥራ አለ ይባላል፤ ተዋናዩ ትንሽ ዝም ይልና ድምፁን ጎርነን አድርጎ «ማኔጀሬን አነጋግሩ» ይላል። ሲሉት ደስ ይላል። የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ የሚለውን ሰው እንኳ ቁመት ይጨምርለታል። ጣጣው የሚመጣው ደዋዩ «እሺ፣ ቁጥሩን ይላኩልኝ» ሲል ነው። የተዋናዩ ድምፅ ወደ ቀድሞው ይመለስና «ቆይ ግን፣ ለመሆኑ ስንት አስባችሁ ነው?» ይላል። ማኔጀሩ በዚያች ደቂቃ፣ በሌለበትና ባልሰማበት፣ ከሥራው ተሰናበተ።

ወኪል ለኛ ትወና እንግዳ ሰው ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት፣ የመድረክ ሰው ቀስ በቀስ የወር ደመወዝተኛ እየሆነ ሄደ። ሚናውን አዘጋጁ ይሰጠዋል፣ ደመወዙን ገንዘብ ያዡ ይከፍለዋል፤ መሀል የሚቆም ሦስተኛ ሰው አላስፈለገም። የቴሌቪዥን ድራማው፣ ፊልሙና ማስታወቂያው ሲበዛ ግን ተዋናዩ ስለራሱ ዋጋ መናገር ግድ ሆነበት። የኛ ሰው ደግሞ ዋጋህ ስንት ነው ሲባል ያፍራል። «እናንተ የመሰላችሁን» ይላል። የመሰላቸውን ሲሰጡት ያኮርፋል። ወኪል የሚያስፈልገን ለዚህ ነው፤ ስለኛ ሆኖ ያለ ሀፍረት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው።

ሥራ ሳይመጣ ተዋናይ ቸር ነው። «ሃያም ውሰድ፣ ሠላሳም ውሰድ፣ አንተ ብቻ አንድ ማስታወቂያ አምጣልኝ!» ማስታወቂያው ይመጣል። የ100,000 ብር ውል ተፈረመ እንበል፤ በ10 በመቶ ሒሳብ የወኪሉ ድርሻ 10,000 ብር ነው። ያን ጊዜ ቸሩ ሰውዬ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ይሆናል። «ምን ሠራና? አንድ ስልክ ነው የደወለው። የአንድ ስልክ ዋጋ ዐሥር ሺህ?» ዘጠና ሺው በችሎታው የመጣ ነው፤ ዐሥሯ ግን ከኪሱ የተነጠቀች። ፕሮዲዩሰሩ ከሠላሳ ሺህ እንደጀመረና ወኪሉ ስንት ቀን ተመላልሶ መቶ እንዳደረሰው የሚያስታውስ የለም።

ከዚያ የጓሮው በር ይከፈታል። ለሚቀጥለው ሥራ ተዋናዩ ራሱ ይደውልና «ለማኔጀሬ እንዳትነግረው እንጂ በሰማንያ እሠራልሃለሁ» ይላል። ልብ በሉ፤ ዐሥር ሺህ ላለመክፈል ሃያ ሺህ ቀነሰ። በወኪሉ በኩል ቢሄድ ዘጠና ሺህ ይዞ ይገባ የነበረ ሰው ሰማንያ ይዞ ገባና «በላሁት!» ብሎ ለጓደኞቹ ማኪያቶ ጋበዘ። ፕሮዲዩሰሩም አብሮ ጠጣ።

ሆሊውድ ውስጥ ይህን ክርክር ደንብ ዘግቶታል። ሳግ-አፍትራ የተባለው የተዋንያን ማኅበር እውቅና የሰጠው ወኪል የሚወስደው 10 በመቶ ነው። በካሊፎርኒያ ለተዋናይ ሥራ የሚያፈላልግ ሰው ከክፍለ ግዛቱ የሠራተኛ ኮሚሽነር ፈቃድ ማውጣት አለበት። ማኔጀር የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ የሱ ድርሻ መምከርና አቅጣጫ ማሳየት እንጂ ሥራ ማፈላለግ አይደለም። እኛ ጋ ወኪሉም፣ መካሪውም፣ ሾፌሩም፣ ወር ሲያልቅ አበዳሪውም አንድ ሰው ነው።

አጉል ባሕርይ ግን የሐበሻ ተዋናይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን «ቱትሲ» የተባለ ፊልም ያየ ያውቀዋል። ደስቲን ሆፍማን የሚጫወተው ተዋናይ በማስታወቂያ ላይ ቲማቲም ሆኖ እንዲሠራ ተቀጥሮ፣ ቲማቲም እንዴት ይቀመጣል ብሎ አልቀመጥም በማለት ይጣላል። ወኪሉ ከሱ ጋር ለመሥራት የሚፈልግ ሰው እንደጠፋ ሲነግረው ተዋናዩ የሚቆጣው ወኪሉን ነው። ወኪሉን ሆኖ የተወነው የፊልሙ ዳይሬክተር ሲድኒ ፖላክ ራሱ ነው። ዳይሬክተር ነውና ንዴቱን ከየት እንዳመጣው መገመት አይከብድም።

የኛዎቹ ቲማቲም ሁኑ ቢባሉ እሺ ይላሉ። የነሱ ችግር እሺ ማለት ነው። ወኪሉ «ፈረስ ትጋልባለህ?» ሲል «እንዴታ!»፤ «በሬ ጠምደህ ታርሳለህ?» ሲል «አባቴ ገበሬ አልነበር እንዴ!»። አባትየው ቦሌ ሱቅ ነበራቸው። የቀረጻው ዕለት ያ ሁሉ ሰው፣ ካሜራና መብራት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይሰፍራል፤ ፈረሱ በአንድ ወገን፣ ተዋናዩ በሌላ ወገን ይቆማሉ። ስድቡ የሚደርሰው ለማን ነው? ለወኪሉ። ፎቶውም እንዲሁ ነው። ለወኪሉ የተላከው የዛሬ ስምንት ዓመት ሚዜ ሆኖ የተነሣው ነው። በዚያ ፎቶ ይመረጥና ከሆዱና ከራሰ በራው ጋር ሲመጣ፣ ፕሮዲዩሰሩ የተዋናዩ አባት መስለውት «ይቀመጡ አባባ» ብሎ ወንበር ያቀርባል።

ስልክ አደዋወሉም ራሱን የቻለ ድራማ ነው። አንዱ በየማለዳው «እሺ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላል። ከትናንት ማታ ወዲህ ማን ፊልም ጽፎ ያደረ ይመስለዋል? ሌላው ወሩን ሙሉ «ረሳኸኝ» እያለ ሲያማርር ይከርምና ኦዲሽኑ ዕለት ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ማታ ደውሎ «ለቅሶ ነበረብኝ» ይላል፤ በዚህ አገር ለቅሶ የነበረበትን ሰው ማን ይቆጣል?

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ብሎ የአክስቱን ልጅ ማኔጀር የሚያደርግም አለ። የአክስት ልጅ ውል አይፈርምም፣ ፐርሰንትም አይጠይቅም፤ ለፋሲካ በግ ይጠብቃል። ሥራ ባያመጣ ግን ማሰናበት አይቻልም፤ አክስትህ እናትህ ዘንድ መጥታ ታለቅሳለች።

ለወኪሎች ጠበቃ የቆምኩ እንዳይመስል የነሱንም ልናገር። አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ አግኝቷቸው የማያውቃቸውን ዝነኞች ፎቶ ግድግዳው ላይ ደርድሮ፣ ከየሰፈሩ ለሚመጣው ወጣት «የምዝገባ»፣ «የፎቶ»፣ «የስልጠና» እያለ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሞልቷል። ደረሰኝም ከተቆረጠ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ሥራ አገኝልሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበልን ከልክላለች፤ እዚያም በሽታው ነበረ ማለት ነው። ሥራ ሳያመጣ የተከፈለው ወኪል ሥራ የሚያመጣበት ምክንያት የለውም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ7,000 በላይ የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች፣ ወኪሎቻችን ከስቱዲዮዎቹ የጎን ክፍያ እየተቀበሉ ለኛ መደራደር ትተዋል ብለው በአንድነት አሰናብተዋቸዋል። ያሰናበቱት ፈርመው፣ በደብዳቤ ነው። እኛ ጋ ስንብት ማለት ቁጥሩን ብሎክ ማድረግ ነው።

መተማመን ሲኖር ምን እንደሚገኝ ለማየት እ.ኤ.አ. ወደ 1950 መመለስ ይበቃል። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ጄምስ ስቱዋርት የሚጠራውን ዋጋ ለመክፈል ሲያቅማማ፣ ወኪሉ ሉ ዋሰርማን በደመወዙ ፋንታ ከፊልሙ ትርፍ ድርሻ እንዲሰጠው አስማማ። «ዊንቸስተር 73» ተሳካ፤ ስቱዋርት በደመወዝ ያገኝ ከነበረው እጅግ የበለጠ አገኘ፤ ሌሎቹም ኮከቦች ያንኑ ይጠይቁ ጀመር። ይህን ለአንድ የአዲስ አበባ ተዋናይ ብታወሩት «ቀብዱስ?» ይላችኋል። አይፈረድበትም፤ አተረፍኩ ብሎ የሚናገር ፕሮዲዩሰር እዚህ ገና አልተወለደም። ግን ስቱዋርትም በእጁ ምንም ሳይይዝ ነው ወኪሉን ያመነው።

ለኛም ቢሆን ሕጉ አልጠፋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተወካይ ለወካዩ በቅን ልቦና እንዲሠራና የሠራበትን ሒሳብ እንዲያስረዳ ያዛል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ማኔጀር ከያዛችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ፐርሰንቱን ገንዘቡ ሳይመጣ ተስማሙበት፤ የዘንድሮውን ፎቶ ላኩለት፤ ፈረስ የማትጋልቡ ከሆነ አንጋልብም በሉት። ካልተስማማችሁም የሠራበትን ከፍላችሁ፣ አመስግናችሁ አሰናብቱት፤ ቀጥላችሁ የምትይዙት ወኪል ስለናንተ መጀመሪያ ደውሎ የሚጠይቀው እሱን ነው።