ማሪዮን ቀስ ብሎ መተኮስ

አብሽር፣ ወዳጄ። ዲግሪህን ከያዝክ ቆይተሃል፤ ሥራ የለም። አዳራሽ ተጠርተህ «ሥራ ጠባቂ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁን» ተብለሃል፤ ለስላሳህን ጠጥተሃል፤ ለአበል ፈርመሃል። ምን እንደምትፈጥር ግን የነገረህ የለም። እኔ እነግርሃለሁ። የፕላስቲክ ዶቃ ትደረድራለህ፤ በካውያ ትተኩሰዋለህ፤ ዶቃው ቀልጦ ሲያያዝ የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ ይወጣልሃል። አትሳቅ። በርጩማህን ሳብና አጠገቤ ተቀመጥ።

በመጀመሪያ ዶቃውን አግኝ። 5 ሚሊ ሜትር የምትሆን፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነች ቁራጭ ቱቦ ናት። ሮቢት ገበያ አትፈልጋት። እዚያ ያለው ማሽላ ነው፣ ሽንኩርት ነው፣ ፍየል ነው። ጨሌ ብታገኝም እለፈው፤ ጨሌ አይቀልጥም፤ ደግሞም አያትህ አንገቷ ላይ ያደረገችው ነገር ፈጠራ አይባልም። ቆቦ አትውጣ። ጎብዬን አልፈህም ወልድያ ድረስ አትንከራተት። ያንተ ዶቃ ያለችው ዴንማርክ ነው። ሃማ የሚባል ኩባንያ 10,000 ፍሬ በአንድ ባልዲ አድርጎ ይሸጣል። አሜሪካኖቹም ፐርለር የሚሉት አላቸው።

ዋጋው አያስጨንቅህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ስላለፈ፣ ማስላቱ ራሱ ጉልበት መጨረስ ነው። ይልቅ ስዊድን ላለችው አክስትህ ደውል። ጤናዋን ጠይቅ። የልጇን ጤና ጠይቅ። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሳለ የጀመረው ባልዲ ቤት ውስጥ እንዳለ ጠይቅ፤ አለ። እዚያ አገር ልጅ ይህን የሚጀምረው አፉን ከፈታ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ጥርሱን ሲነቅል ይሰለቸዋል። አንተ ከተመረቅህ በኋላ ትጀምራለህ። ይህ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም፤ የተራ ጉዳይ ነው። ተራህ ደርሷል።

ስትመጣ ይዛልህ ትምጣ፤ አየር መንገዱ ለአክስትህ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ ይፈቅድላታል። ለእናትህ የደም ግፊት መድኃኒት ልታመጣ አስባ ከሆነ ቦታ እንዳይጣበብ ቀደም ብለህ ንገራት።

አሁን ገጸ ባሕርይ እንምረጥ። ማሪዮን ምረጥ። ምክንያቱን ረጋ ብዬ ላስረዳህ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል።

ማሪዮ የእጥረት ልጅ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ሺገሩ ሚያሞቶ «ዶንኪ ኮንግ» ለሚባል ጨዋታ ሲሥለው፣ ማሽኑ የሚሰጠው ነጥብ (ፒክስል) እፍኝ አይሞላም ነበር። ፀጉር መሣል አስቸገረው፤ ኮፍያ ደፋበት። አፍ አልወጣ አለው፤ ሪዝ አበቀለበት። ክንዱ ሲወዛወዝ እንዲለይ ቱታ አለበሰው። ኋላ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሲመጣም ትንሹ ማሪዮ 16 በ16 በሆነ ሳጥን ውስጥ ታጭቆ፣ በሦስት ቀለም ብቻ ነው የቀረበው፤ ማሽኑ ለአንድ ምስል ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ጨዋታው ጃፓን ውስጥ ለገበያ የዋለው በመስከረም 1978 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የኮረም የረሃብተኞች መጠለያ ምስል ዓለምን ካስለቀሰ ገና ዓመት አልሞላውም። እናትህ ያንን ዘመን በሌላ እጥረት ብታስታውሰው አታርማት። የእሷን እጥረት የሚናፍቅ ሰው አልተገኘም። የማሪዮን ግን ሚሊዮኖች ይናፍቃሉ። ዛሬ ስልክ የሰውን ላብ ጠብታ በጠብታ ያሳያል፤ ባለጸጋው ዓለም ግን ያንን የተቆራረጠ ጠርዝ፣ ያንን ሪዝ፣ ያንን ችግር ካልመለሳችሁልኝ ብሎ ገንዘብ ይከፍላል። ሮቢት ውስጥ እጥረት ሞልቶልሃል፤ እሱ ግን የተጣራ አይደለም። አስመጣ የምልህ ጥራት ያለውን ነው።

«የራሳችንስ ጨዋታ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አለ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የሚባል ሠርቷል፤ ዶሮዋ ከገበሬው እጅ አምልጣ ትሮጣለች። አትሥራት። ጥርት ብላ፣ ድብልብል ብላ ተሥላለች፤ እጥረት አይታይባትም። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ ዶሮ ሲያባርር ያደገ ሰው የለም፤ ማን ይናፍቃታል?

ንድፉን ከኢንተርኔት አውርድ። ሲኖር አውርድ ማለቴ ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንቱ ሰው ንድፍ ሳይዝ እንደቀረ አስበው። ስለዚህ ሲገኝ ሰስተህ አታውርድ፤ ማሪዮን፣ እንጉዳዩን፣ ኤሊውን፣ ሁሉንም ያዝ። የሥራ ማስታወቂያ የምትፈልግበትን ዳታ ለዚህ አውለው። ማስታወቂያው ዞሮ ዞሮ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቅሃል። ማሪዮ አይጠይቅህም።

ንድፍ ስለማግኘት ስናወራ አያትህን ማንሳት ግድ ነው፤ እንዳታዘናጋህ። ሰፌድ ስትሰፋ አይተሃታል። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየወጋች፣ አለላውን ከቀይ ወደ አረንጓዴ እየቀያየረች ትዞራለች። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የመስመሩ ቁጥር ይለወጣል፤ የጌጡ ጫፍ ግን ከጫፉ ጋር ሳይዛነፍ ይገጥማል። ሁሉን የምትቆጥረው በጭንቅላቷ ነው። እየቆጠረች ጎረቤት ታማለች፤ የቡናው ጀበና ሲገነፍልም ከእሷ ቀድሞ የሚያይ የለም። ይህ ባህል ይባላል፤ ለባህል ሥልጠና አይሰጥም፣ ብድርም የለው። አንተ የምትቆጥረው ፒክስል ነው። ልርዳህ ካለችህ ቀለም እንድትለይ ባልዲውን ስጣት። ዶቃው የሚደረደርበትን ሰሌዳ አንስታ «ይህ ሰውዬ አገጩ የት ገባ?» ብትልህ በትሕትና «እማማ፣ ቴክኖሎጂ ነው» በላት።

ወደ ድርደራው እንግባ። ሰሌዳው በአንድ ጎን 29፣ በሌላው ጎን 29፣ በጠቅላላው 841 ጥርስ አለው። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ አንድ ዶቃ ይሰካል። በጣትህ አይሆንልህም፤ በክረምት የበለስ እሾህ የምትነቅልበትን ወረንጦ አምጣ። ብርሃን እንድታገኝ በር ላይ ተቀመጥ። ነፋስ ሲመጣ በሩን ዝጋ። ሲጨልምብህ ክፈት። ዶሮዎቹን አስቀድመህ አስራቸው፤ ቢጫዋን ዶቃ በቆሎ ትመስላቸዋለች፤ በአንድ ቅምሻ የማሪዮ ግማሽ ጆሮ ይሄዳል። ባጃጅ በቤትህ በኩል ባለፈ ቁጥር ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ። አንድ ረድፍ ከጨረስክ ተነሥተህ ወገብህን ዘርጋ፤ አባትህ ከማሳ ሲመለስ ተቀምጠህ ካገኘህ ይከፋዋል፤ ቆመህ ካገኘህ ግን ቢያንስ ተስፋ ያደርጋል።

ቀጥሎ ያለው መተኮሱ ነው፤ ልብህን ሰብስብ። ካውያው በመካከለኛ ሙቀት ይሁን። በዶቃውና በካውያው መሐል የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ይገባል። ቤታችሁ ዳቦ የሚጋገረው በኮባ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኮባ ግን እርጥበት ስላለው አይሆንም፤ ወረቀቱን አክስትህ ታምጣ። ሳትጫን፣ ካውያውን ክብ ክብ እያዞርክ አንሸራትተው። የዶቃዎቹ ቀዳዳ ጠበብ ሲል፣ ጎንና ጎናቸው ሲሳሳም አቁም። ካበዛኸው ማሪዮ ይፈስና እንጀራ ይሆናል። ካሳነስከው ስታነሣው ፍርስርስ ይላል፤ ሁሉንም እንደገና ትለቅማለህ።

መብራት ከሌለ? አይዞህ፤ ጠብቅ። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ በሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ተቀምጦ የለ? መጠበቅ ከአንተ ወዲያ የሚችልበት የለም። በዚያ መሐል ሰሌዳውን ማንም እንዳይነካው አልጋህ ላይ አድርገው፤ አንተ መሬት ተኛ። የከሰል ካውያ አትሞክር። እሱ ልብስ ለመተኮስ ነው፤ አንዱ ጎኑ ይፋጃል፣ አንዱ ጎኑ ይቀዘቅዛል፣ አመዱም በቀዳዳው እየወረደ የማሪዮን ፊት ያጠቁራል። መብራቱ እኩለ ሌሊት ሲመጣ ተነሥ። የተነሣኸው ብቻህን አይደለህም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፑም ያችኑ መብራት ሲጠብቅ ነው ያመሸው፤ ገበሬው ባትሪውን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ እየሮጠ ነው። አትሽቀዳደመው። ኃይሉ ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን፣ ሽንኩርት በሚቀጥለው ወቅትም ሊተከል እንደሚችል፣ ማሪዮ ግን ግማሹ ቀልጦ ግማሹ እንደማይቀር በትሕትና አስረዳው።

አንዱን ገጽ ስትጨርስ ገልብጠው ሌላውንም ተኩስ። ከዚያ እንዳይጣመም ገና ትኩስ ሳለ ከባድ መጽሐፍ ጫንበት። የመመረቂያ ጽሑፍህን አውጣ። ስለ መስኖ አስተዳደር የጻፍከው ከሆነ በውፍረቱ ተመራጭ ነው። ሦስት ፈታኝ ፊት ቀርበህ ስትከላከልለት የኖርክ ወረቀት፣ አንድ ነገር ቀጥ ሲያደርግ የምታየው ገና ዛሬ ነው።

ሲቀዘቅዝ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ፀሐይ በሚመታው በኩል አይሁን፤ የቆላችንን ፀሐይ ታውቃታለህ፣ ከቆርቆሮ ሥር ማሪዮ ወገቡን መያዙ አይቀርም።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥህ። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል፤ ዶቃህ ደግሞ የፌስታል የሥጋ ዘመድ ነው። የሚጠይቅህ ከመጣ እንዲህ በል፦ የፌስታል ጥፋቱ አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ መጣሉ ነው፤ የኔ ማሪዮ አንድ ጊዜም አያገለግልም። ሕግ አዋቂ ከሆነ ይገባዋል።

በመጨረሻ ገበያው። ፕሌይስቴሽን ቤት ሂድ። ልጆቹ ለአንድ ጌም ከፍለው፣ አሥር ሆነው ሁለት ሰው የሚጫወተውን ኳስ ያያሉ። ማሪዮህን አሳያቸው። «ለማን ነው የሚጫወተው?» ይሉሃል። አትቆጣ፤ ማሪዮ ሲሮጥበት የነበረው ማሽን እነሱ ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ያልኖሩበትን እንዲናፍቁ ጊዜ ስጣቸው። ቀዩን አይተው ሁለት ጎራ ይሆናሉ፤ አርሰናል ነው የሚል፣ ማንቼ ነው የሚል። አታስታርቃቸው፤ ክርክር ገበያ ይጠራል። ዋጋውን በዶላር አስብ። በብር ጥራ። ከዚያ ለባለቤቱ ልጅ በነፃ ስጥ፤ ማስተዋወቂያ ይባላል።

ፎቶ አንስተህ ለአክስትህ ላክላት። ታለቅሳለች። ልጇ ሲደረድር የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳታል እንጂ አንተን አይደለም፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ሻንጣ ሌላ ባልዲ ይመጣል።

በሁለተኛው ባልዲ ሉዊጂን ሥራ። የማሪዮ ወንድም ነው። አዲስ ንድፍ አያስፈልግህም፤ በማሽኑ እጥረት የተነሣ ያኔ ሁለቱም አንድ ሥዕል ነበሩ፣ የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነው። ቀዩን አንሣና ሌላ ቀለም ተካ። ከዚያ ለሥራ ፈጠራ የሰጡህን ፎርም አውጣ። «የምርት ዓይነት ብዛት» በሚለው ፊት ለፊት 2 ብለህ ሙላ። «የተፈጠረ የሥራ ዕድል» በሚለው ላይ አያትህንም ቁጠራት፤ ቀለም ለይታለች። ሦስት ኮፒ አድርገህ፣ አንዱን ለራስህ አስቀርተህ አስገባ። ኮፒ ቤቱ መብራት ይጠብቃል።